«ዓይነት» ስለሚባለው ቃልና ስለ እንግሊዝኛው ባልንጀራው

በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ አሰናዳድና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ እኔ ግን ስለ አንዲት ቃል ልጽፍ ተነሣሁ። ቃሏም እንግሊዞች «ካይንድ» የሚሏት፥ እኛም «ዓይነት» ብለን የምንተረጕማት ናት። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ ይህች ቃል በትምህርት ቤት ነጥብ የምታስቀንስ፥ በችሎት ሰው የምታሳስር፥ በቤትም ጋብቻ የምታስቀር ሆና አይቻታለሁና።

እኔ በሳንጃ ከተማ በፍርድ ቤት መዝገብ የምጽፍ ሰው ነኝ። ማታ ማታ ልጄና የጎረቤት ልጆች የእንግሊዝኛ ደብተራቸውን ይዘው ይከቡኛል፤ ከደብተሮቹም ውስጥ የአስተማሪው ቀይ ቀለም አዘውትሮ የሚያርፈው በዚህች በ«ካይንድ» ላይ ነው። ሥርዓቷ ግን አጭር ነው። ነገሩ አንድ ወገን ሲሆን «ዚስ ካይንድ» ይባላል፤ ወገኑ ሁለትና ከዚያም በላይ ሲሆን «ዚዝ ካይንድስ» ይባላል፤ አመልካቹና ስሙ አብረው ነጠላ ይሆናሉ፥ አብረውም ይበዛሉ። አመልካቹን አብዝቶ ስሙን በነጠላ መተው፥ ማለት «ዚዝ ካይንድ» ብሎ መጻፍ፥ በተጠነቀቀ ጽሕፈት ዘንድ ነውር ነው። እንደዚሁም «ካይንድ ኦፍ» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ስም «ኤ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ሳያስቀድም ይገባል፤ ወገኑን ነው የምንጠራው እንጂ ከወገኑ አንዱን ለይተን አይደለምና። እርግጥ ነው፥ እንግሊዞቹ ራሳቸው በንግግር ጊዜ ይህን ሁሉ ያፈርሱታል፤ ሼክስፒርም በንጉሥ ሊር ቴአትሩ ውስጥ አመልካቹን አብዝቶ ስሙን በነጠላ ጽፎታል። ነገር ግን ፈተና የሚያርም መምህር ለሼክስፒር የሚያደርገውን ምሕረት ለሳንጃ ልጅ አያደርግም።

ልጆቻችን በዚህ የሚሰናከሉት በስንፍና አይደለም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የጆሮ ነገር ነው፤ «ዚስ» እና «ዚዝ» የሚባሉት ቃሎች ለእንግሊዝ ጆሮ የተለያዩ ሲሆኑ ለእኛ ጆሮ እንደ መንትያ ናቸው። ሁለተኛውና ዋናው ግን የገዛ ቋንቋችን ጠባይ ነው። አማርኛ ቍጥር ካስቀደመ በኋላ ስሙን ማብዛት ግድ አይለውም፤ «ሦስት በሬ ጠፋብኝ» የሚል ገበሬ አንድም ቃል አልተሳሳተም። «ሦስት ዓይነት እህል» እንላለን፤ ሦስቱ ራሱ ብዛቱን ነግሮናልና «ዓይነት»ም «እህል»ም በነጠላ ይቀመጣሉ። ልጁ ይህን የእናቱን ቋንቋ በልቡ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ስሪ ካይንድ» ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ ይህን ልጅ ደንቆሮ ከማለት ይልቅ፥ የሁለቱን ቋንቋ ልማድ ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ይሻላል፤ እኔ እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ ቀዩ ቀለም ቀንሷል።

አሁን አሁን ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ የእንግሊዝኛው ልማድ ወደ አማርኛችን ሲገባ አያለሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ በሚመጣው ደብዳቤ «የተለያዩ ዓይነቶች የሆኑ ችግሮች» ተብሎ ይጻፋል። አባቶቻችን ቢሆኑ «ልዩ ልዩ ችግር» ብለው ባለፉት ነበር፤ «ልዩ ልዩ» ሲል ድግግሞሹ ራሱ ብዛትን ይናገራልና። «እንዲህ ዓይነቶቹን ሰዎች» በማለትም ፈንታ «እንዲህ ያሉትን ሰዎች» ማለት የአማርኛ ወግ ነው። ቃሉ አይብዛ ማለቴ አይደለም፤ ስለ ወገኖቹ ራሳቸው ስንናገር «የጤፍ ዓይነቶች» ማለት የተገባ ነው። ያለ ሥራ ሲበዛ ግን በምግብ ላይ እንደ በዛ ጨው ነው።

ለማብዛት የሚያስፈልገው ብልሃት በቋንቋችን ውስጥ ምን ያህል የተሟላ እንደ ሆነ ለማየት ከማዕድ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በጾም ቀን ሽሮው፥ ምስር ወጡ፥ ጎመኑ፥ ድንቹና ቀይ ሥሩ በአንድ እንጀራ ላይ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ሲቀርብ «በየዓይነቱ» ይባላል። «በየ» የምትለው መነሻ ብቻዋን ብዛቱንም ክፍፍሉንም ተሸክማ፥ ቃሉን በነጠላው ትተወዋለች። ይህ ስም ዛሬ ባሕር ተሻግሮ በዋሽንግተንና በለንደን ባሉ የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ ሰፍሯል፤ ከዓይነቶች ሁሉ ጥቂት በጥቂቱ ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ ፈረንጅ እንኳ በስሙ ጠርቶ ያዝዘዋል። ሰዋስው በወጥ ተመስሎ ወደ ውጭ አገር የተላከበት ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ ቃሉ ምንጭ ጥቂት ልናገር። ፊደል የቈጠርሁትና ቅኔ የጀመርሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ እንግሊዝኛ ተማርሁ። የኔታ «ዘመድ» የሚለውን የግእዝ ቃል ሲፈቱልን፥ በአማርኛ የሥጋና የደም ዝምድና ብቻ ሆኖ የቀረው ይህ ቃል በግእዝ ግን ነገድም፥ ወገንም፥ ዓይነትም ማለት ነው ይሉን ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት ዕፀዋቱና አራዊቱ «በበዘመዱ» መፈጠራቸው ስለዚህ ነው። ከዓመታት በኋላ በሚሲዮኑ ቤት አንዲት የውጭ አገር መምህርት ስለ «ካይንድ» ስታስረዳን «ኪን» ከምትባለውና ዘመድ ማለት ከሆነችው ቃል ጋራ ከአንድ ሥር የበቀለች ናት አለችን። እኔም በዚያች ሰዓት የኔታን አሰብሁ። ሁለቱ መምህራን አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ፥ አንዱም ሌላውን ሳያይ፥ አንድ ነገር አስተምረውኛል፤ ሰው የነገሮችን ክፍል መጥራት የተማረው ከቤተ ዘመድ ነው ማለት ነው።

«ካይንድ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ደግ ማለትም ነው። ይህም የመጣው ከዚያው ከዘመድ ነው፤ ለዘመድ የሚገባውን ርኅራኄ የሚያሳይ ሰው በቃሉ ተጠራ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ይህን አልሰማ ኖሮ፥ «ደግ ሰው» ተብሎ ሊተረጐም የሚገባውን «አንድ ዓይነት ሰው» ብሎ ጽፎት መጣ። ስቀን ስናበቃ፥ ትርጕሙ ሁሉም ስሕተት ነው ለማለት ተቸግሬአለሁ።

የእኛው «ዓይነት» ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። መልኩ ከ«ዓይን» እንደ ወጣ ይናገራል፤ ዓይን አይቶ የሚለየው ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ዕፀዋትንና እንስሳትን የሚለዩበት «ስፒሺስ» የተባለው የላቲን ቃልም ማየት ከሚለው ግስ የተገኘ ነውና፥ ከእኛው ቃል ጋራ ሥሩ ሳይገናኝ አሳቡ ተገናኝቷል። «ታይፕ» የሚባለው ከግሪክ ቋንቋ መጥቶ መጀመሪያ የምት ምልክት ማለት ነበር፤ «ሶርት» የሚባለው ደግሞ በላቲን ዕጣ ከሚለው ቃል ይወለዳል። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በዓይኑ፥ አንዱ በማኅተሙ፥ አንዱ በዕጣው፥ አንዱም በዘመዱ ይለያል። የእኛዎቹ ሊቃውንት ግን በየሥራው ላይ የየራሱን ቃል ስላኖሩ «ዓይነት»ን አላደከሟትም፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ሦስት ዜማ ናቸው፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናና ስምንት ቤት ያለው መወድስ በየስማቸው ይጠራሉ፤ የቅኔው አካሄድም «ጎዳና» ይባላል። ዛሬ ለሁሉ «ዓይነት፥ ዓይነት» ማለታችን ከስንፍና የተነሣ ይመስለኛል።

ከዓይን የመጣች መሆኗ ግን በችሎት ከባድ ነገር ያመጣል፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቈያለሁ፥ ሥራዬ ነውና።

በአማርኛ «አንድ ነው» ስንልና «አንድ ዓይነት ነው» ስንል በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሳንጃ እስከ ጎንደር ካለው መንገድ ይረዝማል። «አንድ ነው» ያለ ምስክር ያው ራሱ ነው ማለቱ ነው። «አንድ ዓይነት ነው» ያለ ግን መልኩ ይመስላል ማለቱ ብቻ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ችሎት፥ አንድ ገበሬ ላም ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። ላሚቱ ዳለቻ ሆና ግንባሯ ላይ ቦራ ነበረባት። ተከሳሹ ከገበያ የገዛኋት ናት አለ፤ የሸጠለትን ሰው ግን ሊያገኘው አልቻለም። አንድ ሽማግሌ ምስክር ቀርበው፥ ተከሳሹ ሲነዳት ያዩአት ላምና የከሳሹ ላም አንድ ዓይነት ናቸው ብለው መሰከሩ። ቃላቸው በእጅ ሲጻፍ እንዲሁ ተጻፈ። ከእጅ ጽሑፉ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ግን «ዓይነት» የምትለው ቃል ወደቀችና «አንድ ናቸው» ተብሎ ቀረ። አረፍተ ነገሩ ቃል የጐደለው አይመስልም፤ ያነበበው ሁሉ ምሉዕ ሆኖ አገኘው። ሰውዬውም ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ።

መዝገቡ በይግባኝ በመጣ ጊዜ የእጅ ጽሑፉንና ግልባጩን እያስተያየ የሚያነብ እኔ ነበርሁ፤ ልዩነቱንም አይቼ ለዳኞች አመለከትሁ። ሽማግሌው እንደ ገና ተጠሩ። ዳኛው «አባቴ፥ ያችው ላም ናት ብለው መስክረዋል?» ቢሏቸው፥ ሽማግሌው ተቈጡ። «ጌታዬ፥ መልኳን አየሁ አልሁ እንጂ እርሷን አየሁ መቼ አልሁ! ዳለቻ ላም በአርማጭሆ በየበረቱ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ሰውዬው አራት ወር ከታሰረ በኋላ ተፈታ። ላሚቱ ግን ለከሳሹ ተሰጥታ ከርማ ነበርና፥ ስትመለስለት ጥጃዋ አብራት አልነበረችም።

የገለበጠውን ሰው ልወቅስ አልጻፍሁም፤ ቀኑን ሙሉ የሚገለብጥ እጅ ይደክማል። ነገር ግን የምስክር ቃል በሚገለበጥበት ቤት ሁሉ፥ ሁለት ሰዎች ሆነው አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ ማስተያየት ይገባል፤ ለዚህም የሚጠይቀው ወጪ የለም። በነገራችን ላይ የአርማጭሆ ሰው ስለ ጠመንጃ ሲመሰክር በዚህ አይሰናከልም። የጠመንጃውን ቍጥር እንደ ልጁ ስም በቃሉ ስለሚያውቀው፥ «አንድ ዓይነት» ብሎ አይመሰክርም፤ ቍጥሩን ይጠራል።

በውልም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እህልን የመሰለ አላቂ ነገር የተበደረ ሰው በመጠን የተካከለውን፥ በዓይነትና በጥራት አንድ የሆነውን ይመልስ ዘንድ ያዝዛል። ጥራትን ከዓይነት ለይቶ መጥራቱን ልብ በሉ። ደግሞም በዓይነቱ ብቻ የታወቀ ነገር ዕዳ ሲሆን፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚሰጠውን የሚመርጠው ባለዕዳው ነው፤ ብቻ ከመካከለኛው ጥራት በታች የሆነውን ሊያቀርብ አይችልም። እንግዲህ «አንድ ኩንታል ጤፍ» ብሎ ብቻ የተዋዋለ ሰው፥ በልቡ ማኛ ጤፍ አስቦ በእጁ ሠርገኛ ጤፍ ቢቀበል ጠበቃ ገዝቶ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በውሉ ላይ ሁለት ቃል ቢጨምር ኖሮ ከዚህ ሁሉ በዳነ ነበር። ባልቴቶችና የሙት ልጆች እርሻቸውን ለእኩል ሲሰጡ ይህን የሚነግራቸው ሰው አያገኙም፤ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ ማንበብ የማይችሉ ዘመዶች አሉትና ይንገርልኝ።

ሰሊጥ ነጋዴዎቻችን ግን ይህን ትምህርት በገንዘባቸው ተምረውታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን አስቀድሞ በዓይነቱ ይለየዋል፤ የሁመራና የጎንደሩ ነጭ ሰሊጥ አንድ ወገን፥ የወለጋው ሌላ ወገን ነው። ከዚያ በኋላ በየወገኑ ውስጥ ዐፈርና ገለባው ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ዓይነቱን የሚሰጠው ምድሩና ዘሩ ነው፤ ደረጃውን የሚሰጠው የሰው ትጋት ነው። ስለዚህ በሳንጃ ገበያ «ዓይነቱ መልካም ነው፥ ደረጃው ወድቋል» የሚል ሰው ብትሰሙ አትደነቁ፤ ቃሉን እንደ ሊቅ አግብቶ ተናግሯል። ዓይነት ከፍና ዝቅ የለውም፤ ከፍና ዝቅ ያለው ደረጃ ነው።

ይህንኑ ልዩነት በዚህ ዓመት በገዛ ቤታችን ለማስረዳት ተቸግሬአለሁ። የእኅቴን ልጅ አንድ አስተማሪ ወጣት በሽማግሌ ጠየቃት። ልጁ የተማረ፥ ጠባዩ የታወቀ፥ ሃይማኖቱም የእኛው ነው፤ አባቱ ግን ሸማኔ ነው። ጉዳዩ በቤተ ዘመድ ፊት ሲቀርብ፥ የእናታችን ወንድም «የእነዚያ ዓይነት ሰዎች ናቸውና ይቅርብን» አሉ፤ ሌላም ቃል አልጨመሩም። በጉባኤውም ውስጥ ማንም «የየትኞቹ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ይህች ቃል ጥፋቷን የምትሠራው እንዲህ ነው፤ ማንም በግልጽ ሊናገረው የሚያፍርበትን ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ታሳልፈዋለች። «ሸማኔ ነው፥ ሸማኔንም እንቃለን» ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ከመካከላችን የሚከራከር ባልጠፋም ነበር።

እኔም ከሁሉ ታናሽ ብሆን ተነሥቼ «አጎቴ፥ ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ፤ ዓይነት ያሉት በምን የተለየውን ነው? በመልክ ነውን? በጠባይ ነውን? በሃይማኖት ነውን?» አልኋቸው። «አንተ ደግሞ ቤትህን ሁሉ ችሎት አደረግኸው» አሉኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ መከልከላቸውን አስታወስኋቸው፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አጎቴ ንጉሥ አክባሪ ሰው ናቸውና ዝም አሉ። በዚያች ሰዓት በትከሻቸው ላይ የነበረውን ጋቢ የሸመነው የልጁ አባት ነው፤ ይህን ግን በጉባኤ አልተናገርሁም፥ ሽማግሌ በአደባባይ ማሳፈር አይገባምና።

እኅቴ ማታውን ወደ ቤቴ መጥታ «ልጄ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች፤ እኔ ያንተን ሰዋስው አላውቅም፥ ብቻ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። በማግሥቱ ወደ አጎቴ ቤት ሄድሁ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ ስለ ዝናምና ስለ ማሽላ ተጫወትን። ከዚያ በኋላ «አጎቴ፥ አባቶቻችን ጋብቻ ሲመጣ የሚጠይቁት ምን ነበር?» ብላቸው፥ «ዝምድና ነዋ! እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል» አሉ። «እንግዲያስ ዓይነቱን እንተወውና ዝምድናውን እንቍጠር» አልኋቸው። ስኒያቸውን እያዩ ብዙ ቈዩ። በመጨረሻም «ቍጠር፤ ነገር ግን አንድም ስም እንዳትዘልል» አሉኝ።

ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ የተሰጠው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። እኔም የሁለቱን ወገን አያት ቅድመ አያት ከየሽማግሌው እየጠየቅሁ በወረቀት ላይ አኖራለሁ፤ አጎቴም በየሳምንቱ ወረቀቱን አስመጥተው ያስነብቡኛል፥ የተረሳ ስም ሲያገኙም ራሳቸው ያስጨምሩኛል። እስከ አሁን አምስተኛው ቤት ደርሰናል፤ የሚገናኝ ስም አልተገኘም።